ዋንጫው ላይ የተቀረጸው 1967፦ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች የስፖርት ታሪክ ፖድካስት

ለምን ጻፍኩት

በማስተምርበት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች የግቢያቸውን የስፖርት ታሪክ በፖድካስት ሊሠሩ ተነሡ። ገና በመጀመሪያው ክፍል ግን በሕይወት የሌለ ሰው ስም አጎደፉ። ተማሪዎቹ አልኩ እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጽሑፉን አንብቤ «ይለፍ» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስሕተቱን ለማረም የሄድንበት መንገድ ደግሞ ከሥራው ሁሉ የተሻለው ክፍል ሆኖ አረፈው። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚያስተባብሩ መምህራን ይኸው ሊገጥማቸው ስለሚችል የሆነውን እንደሆነ አስፍሬዋለሁ። የኮሌጁን፣ የተማሪዎቹንና ያነጋገርናቸውን ሰዎች ስም አልጠቅስም።

ግቢውና ጠመኔ

ኮሌጁ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ዳር ይገኛል። በንጉሡ ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተከፈተው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የበሩ ሰሌዳ ተቀይሯል፤ የእግር ኳስ ቡድኑን መጠሪያ ግን ማንም አልነካውም። ቡድኑ ጠመኔ ይባላል። ተጫዋቹም ደጋፊውም «ጠመኔ ነኝ» ነው የሚለው።

ከግቢው ልማዶች ሁሉ የደመቀው በሰኔ ወር የሚደረገው የተመራቂዎችና የመምህራን ግጥሚያ ነው። የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን 11 ማሊያ በምግብ ቤቱ ቧንቧ ሥር በእጁ አጥቦ፣ አስጥቶ፣ አጣጥፎ ያስረክባል። መምህራን ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን። የሰኔ ጭቃ ከነጭ ማሊያ ላይ እንዴት እንደሚለቅ ጠንቅቄ የማውቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ቅርስ ዋንጫው ነው። በስፖርት ክፍሉ ቢሮ ውስጥ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቀምጧል። ቅቡ ለቅቆ ናሱ ወጥቷል፤ አንደኛው ጆሮው ተሰብሮ በብየዳ ተመልሷል። ሆዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አሸናፊዎች» የሚል ቃል፣ ከሥሩም 1967 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር ነባሩ ወደ ቁም ሳጥኑ ይወስደውና ታሪኩን ይነግረዋል። በ1967 ጠመኔ ለፍጻሜ ደረሰ፤ አምበሉ ዳኛውን ተሳድቦ በቀይ ካርድ ተባረረ፤ ቡድኑ ግን በአሥር ሰው ተጫውቶ 1 ለ 0 አሸነፈና ዋንጫውን አነሣ። ታሪኩን ስቀጠር ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ለብዙ ተማሪ ነግሬያለሁ።

ከድምፅ ማጉያ ወደ ቴሌግራም

የሚኒ ሚዲያችን መሣሪያ ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበር። በእረፍት ሰዓት ግጥም፣ የልደት መልካም ምኞትና «የጠፋ መታወቂያ ያገኘ» የሚል ማስታወቂያ ይነበብበታል። የሚያዳምጠው ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በስብሰባ ላይ ተነሥታ «ማጉያው ከግቢው አጥር አያልፍም፤ ቴሌግራም ግን ዓረብ አገር ድረስ ይሄዳል» አለች። ያሰበችው የቀድሞ ተመራቂዎችን ነበር። አነጋገሯ በሌላ በኩል እንደሚደርስብን ማን ያውቃል።

ስድስት ተማሪዎች ተመደቡ። ዕቅዱ አምስት ክፍሎች ነበሩት፦ ዋንጫው፣ የሰኔው ግጥሚያ፣ የሴቶች መረብ ኳስ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫውና የድሮ ጭፈራዎች። ስቱዲዮ የለንም። መማሪያ ክፍሎቻችን ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆኑ በስልክ የተቀዳው ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። አንዱ ተማሪ መፍትሔውን በማደሪያው አገኘ። በተደራራቢው አልጋ ዙሪያ ብርድ ልብስ ጋረደ፤ አንባቢዋን ከታችኛው አልጋ ላይ አስቀምጦ ከነስልኳ ጋቢ አከናነባት። ላብ በላብ ሆና ነው አንብባ የጨረሰችው፤ ድምፁ ግን ከአንዳንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ማስታወቂያ ይሻል ነበር። ዝናብ ሲመጣ በቆርቆሮው ምክንያት ሥራ ይቆማል፤ ለዚያ ጋቢም አይበቃም።

የፋይሉ መጠንም ነገር ነበረው። ያልታመቀ ስቴሪዮ ቅጂ በደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ 20 ደቂቃው 200 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያህል ከፍሎ የሚያወርድ ተማሪ የለም። አውዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ሞኖ ቀይረን በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ስናደርገው ሙሉው ክፍል ወደ 10 ሜጋ ባይት ወረደ። ለንግግር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ክፍል

ጽሑፉን ያዘጋጀው ብዕሩ የሰላ ልጅ ነው። «ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሜዳው ጸጥ አለ። ቀይ!» ይላል። ከዚያ ፊሽካ ይሰማል፤ ከፊሽካው በኋላ የሕዝብ ጩኸት፤ ከጩኸቱ በኋላ «መሪው ከዳ፤ ቡድኑ ግን አልወደቀም» የሚል ድምፅ። አንብቤው ደስ አለኝ። ስም ስላልተጠራ የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ምንጩ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ምንጩ እኔም ጭምር ነበርኩና።

ክፍሉ በቻናሉ ላይ በዋለበት ቀን ከምንጠብቀው በላይ ተሰራጨ። የቀድሞ ተመራቂዎች እየተቀባበሉ ላኩት። ተማሪዎቹ ጮቤ ረገጡ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ከዱባይ መጣ። የምትናገረው ሴት አትጮኽም፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ስሙን ባትጠሩትም የዚያን ጊዜ አምበል ማን እንደነበረ ከተማው ያውቃል። አባቴ ነው። አባቴ ሰው ተሳድቦም፣ ተባርሮም አያውቅም። እግሩ ነው የተሰበረው። እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር።»

ማጥፋቱ ያመጣው ጣጣ

ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ክፍሉን ከቻናሉ ማጥፋት ነበር። ምንም ማብራሪያ አልሰጠንም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ «ዲኑ አስጠፋው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ወሬው ክፍሉን ይበልጥ አስፈለገው። ቀድሞ የተላለፈው ቅጂ በየስልኩ ስላለ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን ቀጠለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሴትየዋ ደግማ ላከች፦ «እናንተ አጠፋችሁት፤ ሰዉ ግን አሁንም ለእኔ እየላከልኝ ነው።»

ያን ምሽት ስድስቱንም ሰበሰብኳቸው። ጸሐፊው ልጅ ክበቡን እለቃለሁ አለ። አለመልቀቁ የሚበጀው ለእሱም ለእኛም መሆኑን ለማስረዳት ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ለሴትየዋ ደወልን፤ ይቅርታ ጠየቅንና እስክናጣራ ጊዜ እንድትሰጠን ለመንናት። «አጣሩ፤ እኔም የማውቀው አባቴ የነገረኝን ነው» አለች። ይህን ማለቷ አስገረመኝ፤ እኛ ያላሰብነውን ጥንቃቄ ያሰበችው ተበዳይዋ ነበረች።

1967 የትኛው ነው?

ማጣራቱን የጀመረችው ያችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ደብተሯን ለሁለት ከፍላ በአንዱ በኩል «በእኛ»፣ በሌላው «በፈረንጅ» ብላ ጻፈች።

ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ዓመት ነው። በታኅሣሥ ወር ዘመቻው ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በመዝገብ ቤታችንም የዚያ ዓመት የተማሪ ስም ዝርዝር የለም፤ ከ1966 ዘሎ ነው የሚሄደው። ግቢው ባዶ በሆነበት ዓመት የትኛው ጠመኔ ነው ዋንጫ ያነሣው?

ቁጥሩ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ 1967 በእኛ 1959 ወይም 1960 ዓ.ም. ይሆናል። ግቢው ያኔ ሞልቷል፤ ቀይ ካርድ ግን ገና አልተፈጠረም። ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ የዋለው በሜክሲኮ፣ ከግንቦት 23 እስከ ሰኔ 14 ቀን 1962 ዓ.ም. በተካሄደው ውድድር ነው። በዚያም ውድድር ቀይ ያየ አንድም ተጫዋች አልነበረም። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያው ቀይ ካርድ የወጣው በሰኔ 1966 ዓ.ም. ለቺሊው አጥቂ ለካርሎስ ካዜሊ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ካለ ተማሪ የለም፤ ተማሪው ካለ ካርድ የለም። በየትኛውም አቆጣጠር ታሪኩ እንደሚነገረው አይቆምም። ልጅቷ ይህን አምጥታ ስታሳየኝ ዝም አልኩ። ለዓመታት ከዚያ ቁም ሳጥን ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ።

ጋሼ ቤት

ከዚያ ቡድን በሕይወት ያሉና በከተማው የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ተገኙ። ተማሪዎቹ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የመጀመሪያው ቃለ ምልልስ ከሸፈ። ተማሪው «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ ጀመረ። 57 አሉ፤ ቆይተው 61 አሉ፤ ሦስተኛ ሲጠየቁ ተቆጡ። «ልጄ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?»

በሁለተኛው ጉብኝት ልጅቷ አጠያየቋን ለወጠች። ዓመት አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ካሸነፈ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ! አበበ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ እኔ ገና ማሠልጠኛ አልገባሁም።»

«ከማሞ ወልዴስ?»

«በፊት። ማሞ ሜክሲኮ ላይ ሲያሸንፍ እኔ ገጠር ተመድቤ አስተምር ነበር፤ በሬዲዮ ነው የሰማሁት።»

ቶኪዮ ጥቅምት 1957 ነው፤ ሜክሲኮ ጥቅምት 1961። በአራት ዓመት ውስጥ ገባን። ከዚያ ሳይጠየቁ ራሳቸው ጨመሩ፦ «ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣን በአምስተኛው ዓመት ነው። ሁዳዴ ነበር። በሽሮ ነው የሮጥነው።» ያ ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ነው፤ አምስት ሲጨመር 1959 ይሆናል። በ1959 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 22 ስለሆነ የሁዳዴው ግጥሚያ በፈረንጅ 1967 ውስጥ በትክክል ይወድቃል። በፈረንጅ የተቀረጸበትንም ምክንያት ጋሼ ነገሩን። ዋንጫውን አዲስ አበባ ወስዶ ያስቀረጸው ፒስ ኮር፣ ማለትም አሜሪካ የላከችው በጎ ፈቃደኛ፣ የነበረ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ነው። ፒስ ኮሮች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1955 መባቻ ገደማ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ወደ 280 የሚጠጉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ መምህር ሆነው ተመድበዋል።

አምበሉንስ? ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሲሰበር ድምፁ ተሰምቷል። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደምትሰማው። ቃሬዛ የለም። የዕቃ ቤቱን በር ነቅለን በሩ ላይ አስተኝተን፣ ለአራት ተሸክመን ወጌሻ ቤት ወሰድነው። ተሸካሚዎቹ ሦስቱ ተመልካች ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሮጬ ተመለስኩ። እስክመለስ ዘጠኝ ነበሩ።» ተቀያሪ አልነበረም ወይ ስትላቸው ሳቁ። «የምን ተቀያሪ? የወደቀ ወደቀ።» በዓለም ዋንጫ ላይም ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በዚያው በሜክሲኮው ውድድር ነው፤ በአንድ አውራጃ ሜዳ ላይ በ1959 አለመኖሩ አያስገርምም።

ስብራቱ እንዴት ወደ ቀይ ካርድ ተለወጠ? የሚመስለኝን ልናገር። የጋሼ ትውልድ ታሪኩን የሚነግረው «አምበሉ ወጥቶ በአሥር ሰው አሸነፍን» ብሎ ነው። «ወጣ» የሚለው ግሥ ለምን እንደወጣ አይናገርም። ካርድ ባየ ትውልድ ጆሮ ግን ሜዳ ለቅቆ ቡድኑን በአሥር የሚያስቀር ሰው የተባረረ ሰው ነው። ከተባረረ ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ስድቡ እንዲህ መጣ። እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው፤ ግሡን ልጠረጥረው ይገባኝ ነበር።

ማረሚያው

ማረሚያውን ራሱን የቻለ ክፍል አደረግነው። የሚጀምረው የተሳሳተውን ክፍል ፊሽካውን ጨምሮ በማሰማት ነው። ከዚያ ጸሐፊው ልጅ በራሱ ድምፅ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነት አይደለም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጋቢው ሥር ብዙ ጊዜ ቀድቶታል፤ ያስተላለፍነው ድምፁ የተንቀጠቀጠበትን ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ዓምዶች፣ ካርዱ፣ ዘመቻው፣ ጋሼና በሩ በቅደም ተከተል ይመጣሉ። አድማጩ ተማሪዋ በሄደችበት መንገድ አብሮ ይሄዳል።

ከመተላለፉ በፊት ለሴትየዋ ላክንላት። ሁለት ነገር ጠየቀች። ከስብራቱ በኋላ ቤተሰቡ ስለገጠመው ችግር ጋሼ የተናገሩት እንዲወጣ ፈለገች፤ አወጣነው። ሁለተኛው ግን ያልጠበቅነው ነበር። እኛ ለክብሩ ብለን ስሙን ትተነዋል፤ እሷ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም እንዲጠራ ጠየቀች። «ሲሰደብ ያለ ስም ነው፤ ሲነጻ በስሙ ይሁን» አለች። ተጠራ። በዚህ ጽሑፍ የሁሉንም ስለተውኩ ብቻ ነው የእሱንም የተውኩት።

የኮሌጁ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለምሥረታ በዓል መጽሔት የቀይ ካርዱን ታሪክ አዘጋጅቶ ስለነበር «አሁን መንካት አያስፈልግም» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ጋሼን አስመጥተን አነጋገርናቸው፤ ነገሩ አለቀ። አሁን ከዋንጫው አጠገብ «1959 ዓ.ም.» የሚል ወረቀት አለ።

«ሦስት ሴት አሸነፍን»

የሴቶች መረብ ኳስ ክፍል የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለሆነ ተማሪዎቹ ጆሯቸው ነቅቷል። በ1970ዎቹ የተጫወቱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት «የመጨረሻውን 25 ለ 23 ወሰድን» ሲሉ አንዱ ተማሪ ቀና አለ። በዚያን ጊዜ የመረብ ኳስ አንድ ዙር የሚያልቀው በ15 ነጥብ ነበር፤ ነጥብ የሚቆጠርለትም ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነው። በ25 ነጥብ ማለቅና በእያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ማግኘት የመጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ተማሪው በአክብሮት «እትዬ፣ ያኔ በስንት ነበር የሚያልቀው?» አላቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ፤ የልጅ ልጃቸውን ጨዋታ ከራሳቸው ጋር ቀላቅለውት ነበር። ውጤቱን ተውነው፤ ሣቁን አስቀረነው።

በዚሁ ክፍል ላይ ሌላም ነገር ገጠመን። እትዬ «ሦስት ሴት ለአንድ አሸነፍን» ብለዋል። የጨዋታውን ዙር በእንግሊዝኛው ስም መጥራታቸው ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ አድማጭ «ሦስቱ ሴቶች አንዷን ብቻዋን ለምን ገጠሟት?» ብሎ ጻፈ። ቀልድ ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልለየንም። ለሬዲዮ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ ዓይን ላይ ሳይሆን ጆሮ ላይ ምን እንደሚመስል ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት።

ያልተሳካው

የአገር አቋራጭ ሩጫው ክፍል አልተሠራም። መነሻና መድረሻውን የሚያስታውስ ሰው አላጣንም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው መንገድ ግን የተለያየ ሆነ፤ ሰነድም አልተገኘም። ቪዲዮ ለመሥራት ሁለት ቅዳሜ አባከንን፤ ካሜራ ሲያዩ ሽማግሌዎቹ እንደ ሹመኛ መናገር ይጀምራሉ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲቀዳ ግን ይረሱታል።

አንድ የ1960ዎቹ መጨረሻ ተጫዋች ከአንድ ሰዓት በላይ አነጋገሩን። ከቡድኑ ፎቶግራፍ ላይ ከቀይ ሽብር ዓመታት ያልተመለሱትን እየጠቆሙ ነበር የሚናገሩት። ማታ ደውለው «አጥፉልኝ» አሉ። በማግስቱ ቤታቸው ሄደን ፊታቸው አጠፋነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ቅጂ እናስቀር ብሎ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ትክክል ይሁን ስሕተት አሁንም አስባለሁ፤ ታሪኩን ሌላ ማንም አያውቀውም።

ሌላው ሰው የሚወስደው

ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር መምህር በመጀመሪያ የምለው በጣም የታወቀውን ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል አታድርግ ነው። የታወቀ ታሪክ የሚመረመረው የመጨረሻ ነው፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይጠይቀውም። እኛ በመረብ ኳሱ ብንጀምር ኖሮ ዋንጫው ላይ ስንደርስ ጆሯችን ነቅቶ ነበር።

ዋንጫ፣ ሜዳሊያ፣ የፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሲገኝ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጣራ አይነበብ። በ1950ዎቹ የውጭ መምህራን በነበሩበት ግቢ ሁለቱም ይገኛል። ዓመቱ ብቻ ካለ ደግሞ በእኛ ሁለት ዓመት ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል ወሩን የሚያሳይ ምልክት ያስፈልጋል፤ እኛን ያዳነን ሁዳዴ ነው። ሰውን ስለ ዓመት መጠየቅ ያስጨንቀዋል፤ «ከዚህ በፊት ነው በኋላ?» ሲባል ግን ወዲያው ይመልሳል። አገሩ ሁሉ የሚያስታውሳቸው ሩጫዎችና ጨዋታዎች ለዚህ ይመቻሉ። የጨዋታ ሕግ ለውጥ ደግሞ እንደ ቀን ማኅተም ያገለግላል፤ ካርድ፣ ተቀያሪ፣ የነጥብ ቆጠራ።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም አለመጥራት ማንንም አይሸሽግም። ስሙ ያልተጠራው ሰው መልስ የመስጠት ዕድሉን ነው የሚያጣው። ስሕተት ሲገኝ ደግሞ ዝም ብሎ ማጥፋት ከመተዉ ይብሳል። አሁን የክበቡ ደንብ የተሳሳተው ክፍል ባለበት ቆይቶ ከላዩ ማረሚያው እንዲለጠፍ ያዝዛል። ፈቃድ የምንጠይቀውም ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመቅዳታችን በፊትና ሰውየው የራሱን ድምፅ ካዳመጠ በኋላ። ሁለተኛው ሥራውን በአንድ ሳምንት ያዘገየዋል። ተማሪዎቹ ያማርራሉ።

የሰኔው ግጥሚያ

ጋሼ ቤት በተቀዳው ላይ የድሮው የጠመኔ ጭፈራ አለ። «ሆ በል ጠመኔ፣ ዛሬ ነው ቀኔ» ይላል። ጋሼ «ቀኔ» ሲሉ ምራታቸው ሲኒ ረከቦት ላይ አስቀመጡ፤ ቅጭልታው ፊደሏን በላት። ተማሪዎቹ የሰሙት «ዛሬ ነው ወኔ» ነው፤ በክፍሉ መጨረሻ ላይም እንደዚያው ተቀባበሉት።

በዚህ ዓመት የሰኔ ግጥሚያ ጋሼ የክብር እንግዳ ሆነው ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተመራቂዎቹ ገና ሜዳ ሳይገቡ ግቢው በአንድ ድምፅ «ዛሬ ነው ወኔ!» እያለ ተነሣ። ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ቀኔ ነበር እኮ» አሉኝ። ልጅቷ ከኋላችን ሰምታ ደነገጠች፤ ለማረሚያ ደብተሯን አወጣች። ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙ። «ተዪው ልጄ፣ ይሄኛውም አይከፋም።» እሷ ግን ጻፈችው።

3 ለ 1 ተሸነፍን። ማሊያውን ቧንቧ ሥር አጎንብሼ ሳሽ ስልኳን ይዛ መጣችና ከሳሙናው አጠገብ ደፋችው፤ የሰኔው ግጥሚያ ክፍል በማሊያ አጠባ ድምፅ እንዲጀምር ፈልጋለች። ዝም ብዬ እንዳጥብ ነገረችኝ።